የደነዘውን ስለ መሳል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ጠቢቡ ሰሎሞን በመጽሐፈ መክብብ በምዕራፍ 10 በቍጥር 10 ስለ ደነዘ ብረት ያስተምራል። የትምህርቱም ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ ብረቱ ደንዞ እያለ ባለቤቱ ሳይስለው ሥራ ቢጀምር፥ ከስለቱ የጐደለውን በጕልበቱ ሊሞላ ይገደዳል፤ ጥበብ ግን ሥራን ታቃናለች። ይህን ቃል ከልጅነታችን ጀምሮ ስናነበውና ስንተረጕመው ኖረናል። ነገር ግን እውነቱን ለመናገር፥ ቃሉን በእጃችን የተረዳነው ዓምና አንድ አሮጌ ምላጭ ለመሳል በተነሣን ጊዜ ነው።

ክቡራን አንባብያን፥ ካህንን ከምላጭ ጋር ምን አገናኘው ብላችሁ አትደነቁ። ጌታችን ስለ እርሾ፥ ስለ መረብና ስለ ሰናፍጭ ቅንጣት ሲያስተምር የዕለት ሥራን ለሰማያዊ ነገር ምሳሌ አድርጎታልና፥ እኛም በዚህ ዕቃ የተማርነውን ለካህናት ወንድሞቻችንና ለምእመናን ልናካፍል ወደድን። የተማርነውም ከራሳችን ጥፋት ስለ ሆነ፥ ጥፋታችንን ሳንሸሽግ እንጽፈዋለን።

ምላጩ የንባብ መምህራችን የነበሩት የኔታ ትተውልን ያለፉት ነው። በ1974 ዓ.ም. በአንድ የገጠር ደብር ዳዊት ስንደግም፥ የኔታ በየአሥራ አምስት ቀኑ ዓርብ ከቀትር በኋላ የተማሪውን ሁሉ ራስ በዚህ ምላጭ ይላጩ ነበር። የቆሎ ተማሪ ደበሎ ለብሶ፥ አኩፋዳ ይዞ፥ ከደጅ ደጅ እየለመነ የሚማር ነውና፥ ጠጉሩ ካደገ ቅማል ይገባበታል። የኔታም ምላጩን በራሳችን ላይ ከማሳረፋቸው በፊት ሁልጊዜ በቆዳ ጠፍር ላይ ወዲያና ወዲህ ያመላልሱት ነበር። ያ ድምፅ ዛሬም በጆሮአችን አለ። ከሠላሳ የሚበልጥ ሕፃን በተራ ሲቀመጥላቸው፥ የአንዱን ራስ እንኳ ሲያደሙ አላየንም። አንዱ ፈርቶ ሲንቀጠቀጥ፥ «ልጄ፥ አንተ ዝም ብለህ ዳዊትህን ድገም፤ ምላጩ የራሱን ሥራ ያውቃል» ይሉት ነበር።

ምላጩ ታጣፊ፥ እጀታው ቀንድ ነው። በአንገቱ ላይ በላቲን ፊደል ከተቀረጸው ጽሕፈት ብዙው ተፍቆ፥ «ዞሊንገን» የሚለው ስም ብቻ ይነበባል። ዞሊንገን በጀርመን አገር ያለች፥ ከብዙ መቶ ዓመታት ጀምሮ ቢላዋ፥ ሰይፍና ምላጭ በመሥራት የታወቀች ከተማ ናት፤ በእንግሊዝ አገርም ሸፊልድ የምትባለው ከተማ በዚሁ ሥራ ስም አላት። የኔታ ካረፉ በኋላ ይህ ምላጭ በጨርቅ ተጠቅልሎ በሣጥናችን ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ ተቀመጠ። ዓምና ባወጣነው ጊዜ ዝጎ፥ ደንዞ አገኘነው። ዲያቆናቱም አይተው፥ «አባታችን፥ ይህ ምን ያደርግልዎታል? ቢጣል ይሻላል፤ የሱቁ ምላጭ ርካሽ ነው» አሉን።

አነጋገራቸው እውነት አለበት። አሜሪካዊው ኪንግ ካምፕ ጂሌት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1904 ዓ.ም. የፈጠራ ባለመብትነቱን ካገኘ ወዲህ፥ ከስስ ብረት የሚሠራ፥ ሲደንዝ የማይሳልና የሚጣል ምላጭ በዓለም ሁሉ ተሠራጭቶአል። ለጠጉር ሥራ ምቹ ነውና አንነቅፈውም፤ እኛም ስንጠቀምበት ኖረናል። ነገር ግን የደነዘውን ሁሉ መጣል የለመደ እጅ፥ ከምላጭ አልፎ ወደ ሰው እንዳይደርስ ያስፈራል።

የኔታን አስበን ምላጩን ሳንጥል ቀረን፤ ልንስለውም ወሰንን። ከገበያ አንድ አሮጌ መሳያ ድንጋይ ገዛንና ማታ ከጸሎት በኋላ በመብራት ተቀመጥን። የምናውቀው አሳሳል የማጭድና የወጥ ቤት ቢላዋ ነበር፤ ይኸውም ጀርባውን ከድንጋዩ ከፍ አድርጎ፥ በክንድ ኃይል ጫን ብሎ መሞረድ ነው። እንዲሁ አደረግን። ብረቱ ጮኸ፤ ድንጋዩ ጠቈረ፤ እኛም ደስ አለን፤ ጩኸቱና ጥቍረቱ የሥራ ምልክት መስሎን ነበርና። በአውራ ጣታችን ብንዳስሰው ይነክሳል። ተሳለ ብለን ራሳችንን መላጨት ብንጀምር፥ ገና በሁለተኛው ስበት ቆዳችንን ቀደደው። ጠጉሩ ሳይነሣ ራሳችን ደማ። በማግሥቱም ሰው እንዳያይብን ጥምጣማችንን ዝቅ አድርገን ዋልን።

በሁለተኛው ማታ አብልጠን ጫንነው፤ በሦስተኛውም እንዲሁ። በደከምን ቍጥር ምላጩ እየከፋ ሄደ። በሳምንቱ መጨረሻ ጥፋቱን ሁሉ በምላጩ ላይ አድርገን፥ «ብረቱ አርጅቶአል፤ ከእንግዲህ ስለት አይዝም» አልን። ይህን ቃል አስታውሱልን፤ ወደ ፊት እንመለስበታለንና።

በአጥቢያችን ዕድሜያቸው ከሰባ ዓመት ያለፈ አንድ ጠጉር ቆራጭ አሉ። የሱቁ ምላጭ ሳይበዛ በፊት ሥራቸውን በታጣፊ ምላጭ የጀመሩ ሰው ናቸው። መስቀል ሊሳለሙ በመጡ ጊዜ ነገሩን አጫወትናቸው። ምላጩን ተቀብለው ወደ መስኮቱ ሄዱና ስለቱን ወደ ላይ አድርገው በብርሃን ተመለከቱት።

«አባቴ፥ ይዩልኝ፤ በስለቱ ላይ ነጭ መስመር ያብለጨልጫል፤ አዩት?» አሉን።

አየነው አልን።

«የሚያብለጨልጨው ቦታ ያልተሳለው ነው። የተሳለ ስለት ብርሃን የሚያርፍበት ወርድ የለውም፤ ስለዚህ አይታይም» አሉ።

ቀጥለውም እንዴት እንደምንስል እንድናሳያቸው ጠየቁን። ሁለት ጊዜ ወዲያና ወዲህ ከማድረጋችን እጃችንን ያዙ። «ብረቱስ አላረጀም። የእርስዎ እጅ ነው የከበደው» አሉን።

ከዚያ ቀን ጀምረን በየሳምንቱ እሑድ ማታ ከእኒህ ሽማግሌ ዘንድ እንደ ተማሪ ተቀመጥን፤ አራት ወርም ፈጀብን። የተማርነውን በየተራው እንጽፋለን።

አንደኛው ስለ ምላጩ አሠራር ነው። ምላጭ እንደ ቢላዋ አይደለም። ሁለቱ ጐኖቹ ወደ ውስጥ ጐድጕደው የተሠሩ ናቸውና ጀርባው ወፍራም፥ ስለቱ ግን እጅግ ስስ ነው። በድንጋዩ ላይ ሲጋደም ጀርባውና ስለቱ ሁለቱም አብረው ድንጋዩን ሊነኩ ይገባል። ስለቱ ምን ያህል ማዘንበል እንዳለበት የሚወስነው የጀርባው ውፍረት ነው እንጂ የሚስለው ሰው እጅ አይደለም፤ ሠሪው አስቀድሞ ልኩን ሰጥቶታልና። ጀማሪ ግን ቶሎ እንዲሳልለት ጀርባውን ከድንጋዩ ያነሣል፤ ያን ጊዜ ሠሪው የሰጠው ልክ ይጠፋል።

ሁለተኛው ስለ ክብደት ነው። ስለቱ ስስ ስለ ሆነ ሲጫኑት ይጐብጣል፤ በዳርቻውም ላይ እንደ ክር የቀጠነ የብረት ትራፊ ያወጣል። ይህ ክር ጣት ሲዳስሰው ይነክሳል፤ ስለትም ይመስላል። ጠጉር ባገኘው ጊዜ ግን ይታጠፋል ወይም ይሰበራል፤ ቆዳንም ይቀድዳል። በመጀመሪያው ማታ እኛን ያታለለን ይህ ሐሰተኛ ስለት ነበር። በሻካራው ድንጋይ መጀመሪያ ላይ ጥቂት ኃይል ይፈቀዳል፤ ወደ ፍጻሜው ሲደርስ ግን የምላጩ የራሱ ክብደት ይበቃል፤ የእጅ ሥራ ምላጩን መምራት ብቻ ነው።

ሦስተኛው ስለ ድንጋዮች ተራ ነው። ዛሬ በፋብሪካ የሚሠሩት ድንጋዮች በቍጥር ይለያሉ፤ ቍጥሩ እየበዛ ሲሄድ ድንጋዩ እየለዘበ ይሄዳል። በ1000 ቍጥር ድንጋይ ይጀመራል፤ በ4000 ይከተላል፤ በ8000 ወይም ከዚያ በሚበልጥ ይፈጸማል። በቤልጅግ አገር ደግሞ በአርደን ኮረብቶች በቪየልሳልም አካባቢ የሚወጣ፥ ኮቲኩል የሚባል ወደ ቢጫ የሚያደላ ድንጋይ አለ፤ በውስጡ ያለው ጋርኔት የሚባለው ደቃቅና ጠንካራ ማዕድን ብረቱን ይስለዋል። ሽማግሌው ከወጣትነታቸው ያቈዩት የዚህ ድንጋይ ቍራጭ አላቸው፤ እኛ ግን እስከ ሦስተኛው ወር እንድንነካው አልፈቀዱልንም። ምክንያቱም በሻካራው ድንጋይ የምላጩ ሁለት ጐኖች በስለቱ ርዝመት ሁሉ እስኪገናኙ ድረስ ሳይሠሩ ወደ ልዝቡ መሄድ ከንቱ ድካም ነው። ልዝቡ ድንጋይ የተሠራውን ያለሰልሳል እንጂ ያልተሠራውን አይሠራም።

አራተኛው ስለ መመርመር ነው። ከመሳሉ በፊት በስለቱ ዳርቻ ላይ ቀለም ይቀባል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ በድንጋዩ ላይ ከሄደ በኋላ ይታያል። ቀለሙ የለቀቀበት ቦታ ድንጋዩ የደረሰበት ነው፤ ቀለሙ የቀረበት ቦታ ድንጋዩ ያልነካው ነው። የእኛን ምላጭ እንዲህ ብንመረምረው፥ በሁለቱ ዳር ቀለሙ ለቀቀ፤ በመካከሉ ግን እንዳለ ቀረ። ያን ሳምንት ሁሉ ስንደክም ድንጋዩ መካከሉን አንድ ጊዜ እንኳ አልነካውም ነበር።

አምስተኛው ስለ ራሱ ስለ ድንጋዩ ነው። ሽማግሌው ቀለሙን ባዩ ጊዜ ምላጩን ትተው ድንጋዩን አነሡ። ድንጋይ ሲስል እርሱም ይበላል፤ መካከሉም ቀስ በቀስ ይጐደጕዳል። ጐድጓዳ ድንጋይ ለዓይን ደኅና ይመስላል፤ የሚመጣበትን ምላጭ ሁሉ ግን ያበላሻል። በድንጋያችን ፊት ላይ በእርሳስ መረብ የመሰለ መስመር አሠመሩበትና ልኩ ትክክል በሆነ በሌላ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ከውኃ ጋር እንድናሸው አዘዙን። የዳሩ መስመር ወዲያው ጠፋ፤ የመካከሉ ግን አልጠፋም። መስመሩ በሙሉ እስኪጠፋ ድረስ ሁለት ማታ ደከምን። «ምላጩን ከመውቀስዎ በፊት ድንጋዩን ይዩ» አሉን።

ስድስተኛው ስለ ጠፍሩ ነው። በድንጋይ ላይ ስለቱ ይቀድማል፤ በጠፍር ላይ ግን ጀርባው ይቀድማል፥ ስለቱም ይከተላል። ሲገለበጥም ሁልጊዜ በጀርባው በኩል ነው፤ በስለቱ በኩል የገለበጠ ጠፍሩን ይቈርጣል፥ ስለቱንም ያበላሻል። ጠፍሩ ከላላ ደግሞ ስለቱ ይጠቀለላል። ድንጋይ በወራት መካከል አንድ ጊዜ ያስፈልጋል፤ ጠፍር ግን ምላጩ በተነሣ ቍጥር ነው፤ ሽማግሌው በሸራው ሠላሳ ጊዜ፥ በቆዳው ስድሳ ጊዜ ያመላልሱታል። የኔታ ከእያንዳንዱ ራስ በፊት ያሰሙት የነበረው ድምፅ ምን እንደ ሆነ የገባን ያን ጊዜ ነው።

ተወዳጆች ሆይ፥ እስከዚህ ያለው የእጅ ሥራ ነው። ነገር ግን «የእርስዎ እጅ ነው የከበደው» ያለው ቃል በመጀመሪያው ቀን ተከትሎን ቤታችን ገብቶ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ወጣት የንስሓ ልጅ ነበረን። እርሱ የነገረንን አንናገርም፤ በንስሓ ምሥጢር የታተመ ነውና እስከ መቃብራችን አብሮን ይሄዳል። የምንናገረው የራሳችንን በደል ነው። ወጣቱ ብዙ ጊዜ ወድቆ፥ አፍሮ፥ ደክሞ መጣ። እኛም አቅሙን ሳንመዝን የበደሉን ብዛት ቈጠርን፤ ጾሙንና ስግደቱን በአንድ ጊዜ ጫንንበት፤ ተግሣጻችንም የሚቈርጥ ነበር። በዚያን ሰዓት ሥራ የሠራን መሰለን፤ ወጣቱ አልቅሶ ነበርና፥ ልቅሶውን የንስሓ ፍጻሜ አድርገን ቈጠርነው። እርሱም መስቀል ተሳልሞ ወጣ፤ ዳግመኛም አልተመለሰም። ጥቂት ወራት ጠበቅነው። ከዚያም በልባችን፥ «የዛሬ ወጣት ስለት አይዝም» ብለን ተውነው።

እነሆ፥ አስታውሱልን ያልነው ቃል ይህ ነው። ስለ ብረቱ የተናገርነውን ቃል አስቀድመን ስለ ሰው ተናግረነው ኖሮአል። በምላጩ ላይ እጃችን እንደ ከበደ የሚያሳየን ሽማግሌ አገኘን፤ በነፍሱ ላይ እጃችን በከበደ ጊዜ ግን የያዘን አልነበረም፤ ቢይዘንም ባልሰማነው ነበር።

የደነዘ ነገር ባጋጠመን ጊዜ ሁለት ፈተናዎች ይቀርቡልናል። አንዱ መጫን ነው፤ ሁለተኛው መጣል ነው። እነዚህም ሁለቱ ተቃራኒ ቢመስሉ፥ አንዱ የሌላው መንገድ ጠራጊ ነው፤ ከመጠን በላይ የተጫነው ይበላሻል፥ የተበላሸውም ይጣላል። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 23 በቍጥር 4፥ ከባድ ሸክም አስረው በሰው ትከሻ የሚጭኑትን፥ ራሳቸው ግን በጣታቸው እንኳ ሊያንቀሳቅሱት የማይወዱትን መምህራን ነቅፎአል። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስም በገላትያ መልእክቱ በምዕራፍ 6 በቍጥር 1፥ በበደል የተገኘውን ሰው በየውሃት መንፈስ እንድናቀናው፥ እያንዳንዳችንም እንዳንፈተን ራሳችንን እንድንጠብቅ አዝዞአል። ዲድስቅልያም የነፍስ ጠባቂውን በሚራራ ባለመድኃኒት ትመስለዋለች። ባለመድኃኒት መድኃኒቱን የሚሰጠው እንደ በሽተኛው አቅም ነው፤ ደግ መድኃኒትም ቢሆን ልኩ ሲያልፍ ይገድላል።

ይህን ስንል ቀኖና ይቅር፥ ተግሣጽም ይጥፋ ማለታችን አይደለም። ድንጋይ ሳይነካው የተሳለ ምላጭ የለም። ሻካራው ድንጋይም ጊዜ አለው፤ ያለ እርሱ ልዝቡ ከንቱ እንደ ሆነ ተናግረናል። ያልተናዘዘውን በደል በለሰለሰ ቃል ማለፍ፥ በ8000ው ድንጋይ እንደ መጀመር ነው፤ ያብለጨልጫል እንጂ አይቈርጥም። የምንለው ይህ ነው፤ የሚስለው ድንጋዩ ነው፥ የእጅ ጕልበት አይደለም። የእግዚአብሔር ቃል የራሱ ኃይል አለው፤ እኛ በቍጣችን የምንጨምርበት ክብደት ሐሰተኛ ስለት ያወጣል። በቍጣ የተገሠጸ ሰው ለጊዜው የተለወጠ ይመስላል፤ ፈተና ሲያገኘው ግን ይታጠፋል፥ ራሱንና ሌላውንም ያቈስላል።

ካህናት ወንድሞቻችን ሆይ፥ ከሁሉ ይልቅ የድንጋዩን ነገር እናስብ። ብዙ ዓመት ያስተማረና ብዙ ነፍስ ያናዘዘ ካህን፥ ብዙ ብረት እንዳለፈበት ድንጋይ ነው። ሥራው ራሱ ይበላዋል፤ መካከሉም ሳያውቀው ይጐደጕዳል። በውጭ ሲታይ ጥምጣሙም መስቀሉም እንዳለ ነው፤ ቃሉም የትናንቱ ቃል ነው፤ የሚመጣው ሁሉ ግን በዳርና በዳር ተነክቶ መካከሉ ሳይነካ ይመለሳል። ስለዚህ ካህንም አበ ነፍስ ያስፈልገዋል። በምሳሌ መጽሐፍ በምዕራፍ 27 በቍጥር 17 ብረት ብረትን እንዲስል፥ ሰውም ባልንጀራውን እንዲስል የተነገረው ለምእመናን ብቻ የተነገረ አይደለም። እኛ ለብዙ ሰው አባት ስንሆን፥ ስንት ዓመት ሆነን በአባት ፊት ከተንበረከክን? መስመሩ በእያንዳንዳችን ፊት ላይ ተሠምሮ ቢታሽ፥ በመካከላችን ስንት መስመር ሳይነካ ይቀር ይሆን?

በቀዳማዊ ሳሙኤል በምዕራፍ 13 የተጻፈውንም አንርሳ። በእስራኤል ምድር ባለ እጅ በጠፋ ጊዜ፥ ሰዉ ሁሉ ማረሻውንና ምሳሩን ለማሳል ወደ ፍልስጥኤማውያን ይወርድ ነበር። ይህም ለእኛ ማስጠንቀቂያ ነው። በቤተ ክርስቲያን ደጅ በርኅራኄ የሚስል እጅ ያጣ ልጅ፥ ደንዞ መኖርን አይወድምና ወደ ሌላ ይወርዳል። በወረደ ጊዜም ከመውቀሳችን አስቀድሞ፥ በእኛ ዘንድ ምን አግኝቶ እንደ ነበረ መጠየቅ ይገባናል።

ምእመናን ሆይ፥ ለእናንተም ድርሻ አለ። ልጃችሁን፥ የትዳር ጓደኛችሁን፥ የቤት ሠራተኛችሁን ለማቅናት ቃል በምታነሡበት ጊዜ፥ አስቀድማችሁ የእጃችሁን ክብደት መዝኑ። ወደ ንስሓ ስትቀርቡ ደግሞ እንደ ምላጩ ተጋደሙ፤ ስለታችሁን ሰጥታችሁ ጀርባችሁን አታንሡ፤ ግማሹን ነግሮ ግማሹን መሸሸግ ፈጣሪ የሰጠውን ልክ ያጠፋልና። ጸሎትን እንደ ጠፍሩ ቍጠሩት፤ በዓመት አንድ ጊዜ በትልቅ ድካም የሚሆን ሳይሆን፥ በየዕለቱ በጥቂቱ የሚመላለስ ነው። የተሳላችሁ በመሰላችሁም ጊዜ ወደ ብርሃን ያዙት፤ የሚያብለጨልጨው ቦታ ገና ያልተሳለው እንደ ሆነ አስቡ። ትሑት ሰው ስለቱ አይታይም፤ ሥራው ግን ይታያል። ስለት ሁሉም በጎ አይደለም፤ በመዝሙር 51 የዐመፀኛው ሰው ምላስ በተሳለ ምላጭ ተመስሎአል። የኔታ በዚያ ምላጭ የብዙ ሕፃናትን ራስ አጸዱ፤ እኛ በዚያው ምላጭ ራሳችንን አቈሰልን። ምላጩ አንድ ነው፤ እጁ ግን ልዩ ልዩ ነበር።

በአራተኛው ወር መጨረሻ በየኔታ ምላጭ ራሳችንን ተላጨን። ድምፁ እንደ ሹክሹክታ ነበር፤ ደምም አልወጣም። ሽማግሌው ቆመው ሲያዩን ነበርና፥ «ተመስገን» ብቻ ብለው ዕቃቸውን ሰበሰቡ። እኛ ግን ደስታችን ሙሉ አልሆነም፤ የብረቱ ነገር ሲቃና የሰውየው ነገር እንዳልተቃና እናውቃለንና።

በዚያው ሳምንት የወጣቱን ቤት ጠይቀን ሄድን። በሩን ከፍቶ ባየን ጊዜ ደነገጠ፤ ለተግሣጽ የመጣን መሰለው። ተቀመጥን። ስለ እርሱ በደል አንድ ቃል አልተናገርንም፤ እጃችን ከብዶበት እንደ ነበረ ነግረን ይቅርታ ለመንነው። እርሱም ብዙ ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ ተነሥቶ ቡና እንዲፈላልን አዘዘ። ስንወጣ እስከ መንገዱ ሸኘን፤ መስቀልም ተሳለመ። እስከ ዛሬ ወደ ንስሓ አልተመለሰም፤ ልናስቸኵለውም አልደፈርንም። ባለፈው ሰንበት ግን ከቅዳሴ ስንወጣ፥ በቅጽሩ ከዛፉ ሥር ነጠላውን አጣፍቶ ቆሞ አየነው። በዓይናችን ሰላምታ ሰጠነው፤ አልተጠጋነውም። የቀረውን ለማይቸኵለው እጅ ተውንለት።

ሸንበቆ ቢቀጠቀጥ የማይሰብር፥ የሚጤስ ጧፍም የማያጠፋ አምላካችን፥ ለካህናቱ የቀለለ እጅና የቀና ድንጋይ፥ ለሕዝቡም ሳይጣሉና ሳይሰበሩ የሚሳሉበትን ዕድሜ ይስጠን። የደነዝነውን ሳይጥል የታገሠን እርሱ ነውና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር ወለወላዲቱ ድንግል ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።